የመንግሥት ፖሊሲና የቴሌቪዥን ዜና፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመንግሥት ፖሊሲ የቴሌቪዥን ዜናን እንደሚጫን በአገራችን የሚጠራጠር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ክርክሩ የሚበላሸው እንዴት እንደሚጫን ስንነጋገር ነው። ሻይ ቤት ውስጥም፣ በጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍልም፣ በውጭ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድም የሚሰማው ማብራሪያ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ስልክ ተደወለ፣ ዜናው ተነሣ። እንዲህ የሆነባቸው ቀናት መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን ፖሊሲ ወደ ዜና ክፍል የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው። በስምሪት፣ በአበል፣ በሹመት፣ በማስታወቂያ ገቢ፣ በውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ጋዜጠኝነት አንድም ቃል በሌላቸው ሕጎች ጭምር ይገባል። ስልኩን ብቻ የሚጠብቅ ሰው እነዚህን ሁሉ ሳያያቸው ያልፋል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ተመልካቹም፣ ወጣቱ ሪፖርተርም፣ አንዳንዴም አንጋፋው አዘጋጅ ይሠሯቸዋል።

ትእዛዝ ብቻ መፈለግ

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ።

የአንድ ትልቅ ጣቢያ ዜና ክፍል ጠዋት ምን ይመስላል? ዋና አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ከየሚኒስቴሩ፣ ከየኮሚሽኑና ከየክልሉ ኮሙኒኬሽን ቢሮ የመጡ የሽፋን ጥያቄ ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ቀንና ሰዓቱ፣ የሚመረቀው ወይም የሚመከርበት ጉዳይ፣ የሚገኙት ባለሥልጣን ማንነት ተጽፏል። ብዙዎቹ መጓጓዣ እንደተዘጋጀና የውሎ አበል እንደሚሸፈን ይገልጻሉ። ዜና ክፍሉ ያሉት መኪናዎች ጥቂት ናቸው፤ ካሜራውም እንደዚያው። የዕለቱ ስምሪት የሚወጣው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው።

አንዱን ስምሪት ቀረብ ብለን እንመልከት። በአንድ ሩቅ ወረዳ የንጹሕ መጠጥ ውኃ ፕሮጀክት ሊመረቅ ነው እንበል። ሪፖርተሩና የካሜራ ባለሙያው ማለዳ በጋባዡ መሥሪያ ቤት መኪና ይነሣሉ፤ ማደሪያቸውንም ምግባቸውንም የሚችለው እሱ ነው። ሲደርሱ ድንኳን ተተክሏል፣ ድምፅ ማጉያ ተዘጋጅቷል። ሪባን ይቆረጣል፣ ባለሥልጣኑ ቧንቧውን ከፍተው ውኃውን በእፍኛቸው ይቀምሳሉ፣ ንግግር ያደርጋሉ። ከዚያ ሁለት ነዋሪዎች አስተያየት ይሰጣሉ። የመረጧቸው የቀበሌው ሰዎች ናቸው፤ ሲናገሩም የቀበሌው ሊቀ መንበር ከካሜራው ጎን ቆሞ ያዳምጣል። ማታ የሁለት ደቂቃ ዜና ይተላለፋል። በዚህ ዜና ውስጥ ውሸት የለም። ውኃው ወጥቷል፣ ነዋሪዎቹም ከልባቸው ተደስተዋል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፓምፑ ይበላሻል። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዝ መውረድ ይጀምራሉ። ለዚህ የሽፋን ጥያቄ ደብዳቤ የሚጽፍ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የለም። መኪና የሚልክም፣ አበል የሚመድብም የለም። ዋና አዘጋጁን ማንም አልደወለለትም፣ እሱም «አትሂዱ» አላለም። ዜናው ግን አልተሠራም። ይህን ዓይነቱን መቅረት በትእዛዝ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ማስረጃ አያገኝም፤ ማስረጃ ሲያጣም «እንግዲያውስ ተጽዕኖ የለም» ወደ ማለት ይሄዳል። ሁለቱም መደምደሚያ ስህተት ነው።

ከዚህ ላይ የሰው ልምድ ይጨመርበታል። አዲስ ሪፖርተር በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ የትኛው ዜና ሳይነካ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ደግሞ «ትንሽ እንየው» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር ይማራል። በሁለተኛው ዓመት መሳቢያ የሚገባውን ዜና ለማቅረብ አይደክምም። ይህ ሰው ፈሪ አይደለም፤ ጉልበቱን የሚቆጥብ ሠራተኛ ነው። ሳንሱር ያደረገውን ሰው ብትፈልጉ የምታገኙት ራሱን ብቻ ነው።

እንግዲህ የአንድን ጣቢያ ነጻነት መመዘን የሚፈልግ ሰው ስምሪቱን ይመርምር። ባለፈው ወር ከተላኩት ቡድኖች ውስጥ ስንቶቹ በራሱ በጣቢያው መኪና፣ በራሱ በጣቢያው አበል፣ ማንም ሳይጋብዛቸው ወጡ? ኃላፊነት ያለው አዘጋጅም ቢሆን በሳምንት አንድ መኪናና አንድ ቡድን ለይቶ አምና የተመረቁትን ነገሮች እንዲጎበኝ ቢያደርግ ከማንም ፈቃድ መጠየቅ የለበትም። ይህ የድፍረት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የበጀት ጉዳይ ነው።

የግል ጣቢያ ሁሉ ነጻ ነው ብሎ ማመን

የግል ጣቢያ ኪሱ የራሱ ስለሆነ አፉም የራሱ ነው የሚል እምነት አለ። ኪሱ ግን በፖሊሲ ይሞላል፣ በፖሊሲም ይጎድላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከለከለ። የሕጉ ዓላማ የሕዝብ ጤና ነበር፤ እኔም ዓላማውን እደግፋለሁ። ልጆች ቁጭ ብለው በሚያዩት የኳስ ጨዋታ መካከል በየደቂቃው ቢራ መቅዳት ትክክል አልነበረም። ይሁን እንጂ ቢራ ፋብሪካዎች ከዋነኞቹ አስተዋዋቂዎች መካከል ነበሩ። ገንዘባቸው ሲቀር ጣቢያዎቹ በባንኮች፣ በቤት አልሚዎችና በትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶች ላይ ይበልጥ ተደገፉ። አስተዋዋቂው የመንግሥት ድርጅት ሲሆን ስለዚያ ድርጅት አገልግሎት መጓደል የሚሠራ ዜና ምን እንደሚገጥመው መገመት ከባድ አይደለም። ጋዜጠኛውን የነካ አንቀጽ በአዋጁ ውስጥ የለም፤ የአርትኦት ውሳኔው ግን ተነክቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር እምብዛም የማይርቀው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የሳተላይት ኪራይ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ካሜራው፣ የካሜራው ባትሪ፣ የማስተላለፊያው መለዋወጫ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። ወጪ ሲያሻቅብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ሁልጊዜ ያው ነው፦ የመስክ ጉዞ። የመስክ ጉዞ ሲቀር ሰዓቱ በምን ይሞላል? በተላከ መግለጫ፣ በአዳራሽ ስብሰባና በስቱዲዮ ውይይት። መግለጫ የሚልከውና ስብሰባ የሚጠራው ደግሞ በአብዛኛው መንግሥት ነው። የምንዛሪ ማሻሻያውን ያረቀቁት ባለሙያዎች ስለ ቴሌቪዥን ዜና አስበው እንደማያውቁ ባምንም፣ የዜናውን ምንጭ ለውጠውታል።

የሚዲያ ሕጉን ብቻ ማንበብ

ጋዜጠኞችን ስለ ሕግ ስናሠለጥን ብዙ ጊዜ የምንሰጣቸው የመገናኛ ብዙኃን አዋጁን ነው። ዜናን ይበልጥ የቀየሩት ሕጎች ግን ሌላ መዝገብ ውስጥ ናቸው።

የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 አንቀጽ 6 ሽብርተኝነትን እንደማበረታታት ሊቆጠር የሚችል ነገር ያሳተመን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን በሽብርተኝነት ሲፈርጅ፣ የእነዚህን ድርጅቶች ሰው ድምፅ ማሰማት ለማንኛውም አዘጋጅ የእስር ቤት በር የሚያንኳኳ ነገር ሆነ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ፍረጃው ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ መሪዎቹ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠየቁ አየናቸው። በ2013 ዓ.ም. ሕወሓትና ሸኔ ተፈረጁ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የሕወሓት ፍረጃ ተነሣ፤ ስማቸው በክስ ብቻ ይጠራ የነበሩ ሰዎች በዜና ሰዓት እንደ ባለሥልጣን ቀረቡ። ስለ እያንዳንዱ ፍረጃ ተገቢነት አንባቢ የየራሱ አቋም ይኖረዋል። እኔ የምለው የሚከተለውን ነው፦ ማን የዜና ምንጭ መሆን እንደሚችል የሚወስነው ዝርዝር የተዘጋጀው ከዜና ክፍሉ ውጭ ነበር፣ የተለወጠውም ከዜና ክፍሉ ውጭ ነው። ተመልካቹ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የአንዱን ወገን ቃል በሌላው አፍ ብቻ ሰምቷል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም እንዲሁ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስለ ወታደራዊ እንቅስቃሴ፣ ስለ ጦር ግንባርና ስለ ውጊያ ውጤት ከተፈቀደለት አካል ውጭ ማንም መረጃ እንዳያሰራጭ ተከለከለ። በጦርነት ጊዜ የወታደር እንቅስቃሴን መሰወር በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው። አዋጁ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ተነሣ። ከሚነሣ አዋጅ በኋላ ግን የማይነሣ ልማድ ይቀራል፦ አዘጋጁ ለወራት «መግለጫው እስኪወጣ እንጠብቅ» ሲል ከርሟልና መግለጫ መጠበቁን እንደ ሙያ ጥንቃቄ መቁጠር ይጀምራል። በዜና ክፍል ኃላፊነት ላይ ያላችሁ፣ አዋጅ በተነሣ ማግስት ስብሰባ ጠርታችሁ የትኛው ክልከላ እንደተነሣ በግልጽ ለባልደረቦቻችሁ ንገሯቸው። ማንም ካልነገራቸው አዋጁን በየልባቸው ይዘውት ይኖራሉ።

ሕጉን አንብቦ ሥልጣኑ በማን እጅ እንደሆነ አለማየት

የ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲወጣ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። ስም ማጥፋትን ከወንጀል ወደ ፍትሐ ብሔር ጉዳይ አዞረ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ግን ፈቃድን የማገድና የመሰረዝ ሥልጣንን ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ ወደ ራሱ ወደ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ አሻገረ፤ የመሥሪያ ቤቱን ዋና ዳይሬክተር የመሾም ሥልጣንም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጠ። ስለ ዜና ይዘት የሚናገሩትን አንቀጾች ብቻ ያነበበ ሰው «ምንም አልተለወጠም» ሊል ይችላል። የጣቢያ ባለቤት ግን እንደዚያ አያነበውም። ነገ ፈቃዴን የሚያድሰው ማን ነው፣ እሱንስ የሚሾመው ማን ነው ብሎ ያነባል፤ ከዚያም ለዜና ዳይሬክተሩ አንድ ቃል ሳይናገር ጥንቃቄው ወደ ታች ይወርዳል።

የመንግሥትን ጣቢያና የገዢውን ፓርቲ ጣቢያ አንድ አድርጎ መተው

«የመንግሥት ሚዲያ ስለሆነ ሌላ ምን ይጠበቃል?» የሚለው አባባል ተቃውሞ ይመስላል፤ በተግባር ግን ይቅርታ ማድረግ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከዚህ የበለጠ ይጠብቃል። አንቀጽ 29 ማንኛውንም ዓይነት ቅድመ ምርመራ ይከለክላል፤ በዚያው አንቀጽ ንኡስ አንቀጽ 5 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 858/2006ም ተቋሙን ተጠሪ ያደረገው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ስለዚህ ግብር የሚከፍል ዜጋ ከዚያ ጣቢያ የተለያየ ድምፅ ሲጠብቅ ልመና ላይ አይደለም፤ የሕገ መንግሥት መብቱን እየጠየቀ ነው። ተስፋ መቁረጣችን ለማንም አልጠቀመም። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የኮርፖሬሽኑን ሪፖርት ሲሰማ የሚጠይቀው የስርጭት ሽፋኑን ስፋትና የመሣሪያውን ዕድሜ ብቻ ከሆነ፣ ንኡስ አንቀጽ 5ን የሚጠይቅ ሰው ስለጠፋ ነው።

ነገሩ በዚህ መንግሥት ወይም በዚያ መንግሥት ተጀመረ ማለት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ነው። ገና ከጅምሩ የመንግሥት ነበር፤ ሦስት ሥርዓት ሲያልፍም የመንግሥት ሆኖ ቀጠለ። የትኛው ሥርዓት የባሰ እንደሆነ መከራከር ይቻላል፤ ጉዳዩን በአንዱ ላይ ብቻ ማላከክ ግን መዋቅሩን ያስረሳል።

ሁለት ጊዜያትን ማየት ይበቃል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሀብ ላይ የሠራው ዘገባ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ረሀቡን ቤተ መንግሥቱ ሸሽጎት ስለነበር ሕዝቡ ሊያየው ይገባ ነበር። ነገር ግን ያ ምሽት የተመረጠው በአጋጣሚ አልነበረም፤ የተራቡት ሰዎች ምስልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ተሰባጥሮ ነበር የቀረበው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። እውነተኛ ምስል በትክክለኛው ምሽት ለሥልጣን ሽግግር ዋለ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን) ምሥረታ በታላቅ ድግስ አከበረ። የቴሌቪዥናችን የቀለም ስርጭት በቋሚነት የተጀመረውም ከዚያው የፓርቲ ምሥረታ ጋር ተያይዞ ነው። በዚያን ጊዜ ኮረም ላይ ሕዝብ ይረግፍ ነበር። ዓለም ያየው ጥቅምት 13 ቀን፣ በማይክል በርክና በመሐመድ አሚን የቢቢሲ ዘገባ ነው። የቴክኖሎጂው ወጪ፣ የበዓሉ ቀንና የረሀቡ ዝምታ የአንድ ፖሊሲ ሦስት ገጽታዎች ነበሩ። ረሀብን አጋልጦ ሥልጣን የያዘ መንግሥት ረሀብን ሸሸገ፤ ለማጋለጡም ለመሸሸጉም ያገለገለው ያው አንድ ስቱዲዮ ነው። ይህን የምጽፈው እያዘንኩ ነው፤ በየዘመኑ ከዚያ ካሜራ ጀርባ የነበሩት ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚወዱ፣ አገራቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩና።

ከውጭ የሚተላለፍ ጣቢያን ፖሊሲ አይነካውም ብሎ ማሰብ

ኢሳት በ2002 ዓ.ም.፣ ኦኤምኤን በ2006 ዓ.ም. ስርጭት ሲጀምሩ ብዙ ሰው እፎይ አለ። ስቱዲዮዎቻቸው አሜሪካና አውሮፓ ነበሩ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መመሪያ ሁለቱን ጣቢያዎች መመልከት ራሱ ተከለከለ። ተመልካቹ ሳሎኑ ውስጥ ሲቀጣ ጣቢያው ሚኒያፖሊስም ቢሆን ተነክቷል፤ ስልክ ደውሎ የሚያየውን የሚናገር ምንጭ ይፈራል፣ ስም ይሸሸጋል፣ ማረጋገጥ ያስቸግራል።

ሌላም ብዙ የማይነሣ ጉዳይ አለ። መንግሥትን በመቃወም ላይ ብቻ የቆመ ዜናም አጀንዳውን የሚወስደው ከመንግሥት ነው። ጠዋት ሚኒስትሩ የተናገሩትን ማታ መገልበጥ ነጻ የአርትኦት ውሳኔ አይደለም። በዋሽንግተን ያለ አዘጋጅም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ አዘጋጅ የዕለቱን መሪ ዜና በአንድ ባለሥልጣን ንግግር ላይ ከመሠረቱ፣ አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ሲረግም፣ የፓምፑ መበላሸት ሁለቱም ዘንድ ቦታ አያገኝም።

ሪፖርተሩን መውቀስ

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰደበው ሁልጊዜ ማይክሮፎን የያዘው ልጅ ነው። የዜናውን ቅደም ተከተል የወሰነው፣ ሦስተኛውን አስተያየት ቆርጦ ያወጣው፣ ርእሱን የለወጠው እሱ አይደለም። ፊቱ ስለሚታይ ብቻ ነው የሚሰደበው።

የተነገረውን ብቻ መቁጠር

ተመልካች «ዛሬ ምን ዋሹ?» ብሎ ይከታተላል። የበለጠ የሚያስተምረው ጥያቄ «ዛሬ ማን አልተናገረም?» የሚለው ነው። አንድ የሁለት ሰዓት ዜና ወረቀት ይዛችሁ ተመልከቱ። ለእያንዳንዱ ዜና ሁለት ነገር ጻፉ፦ ጉዳዩን ማን ወደ ጣቢያው አመጣው፣ የሚነካውስ ሰው ተናግሯል ወይ? የነዳጅ ዋጋ ማስተካከያ ዜና ላይ የሚኒስቴሩ ኃላፊ ተናግረው የታክሲ ሾፌር ካልተናገረ፣ የመሬት ካሳ ዜና ላይ ከንቲባው ተናግረው የተነሣው ገበሬ ካልተናገረ፣ የፖሊሲውን አሻራ አገኛችሁት። ለሳምንት ያህል እንዲህ ያደረገ ሰው የጣቢያውን ጠባይ ከማንኛውም ወሬ አብልጦ ያውቀዋል። ደግሞም ፍትሐዊ ይሆናል፦ ጥሩ የተሠራውንም ዜና ያያል፤ በመንግሥት ጣቢያዎች ውስጥ ጥሩ የሚሠሩ አሉና።

ለውጡን በጽሑፍ አለመያዝ

ይህ ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። ዜና ሲነሣ፣ ሲያጥር፣ ወደ ነገ ሲተላለፍ ብዙውን ጊዜ በቃል ነው የሚነገረው፦ «ይቆይ ተብሏል»። ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ለምን እንዳለው የትም አይጻፍም። ከወር በኋላ ምክንያቱን የሚያስታውስ የለም፤ ወሬ ብቻ ይቀራል። ወሬው ደግሞ ንጹሑንም ያሰድባል፤ ዜናው የቀረው ሁለተኛ ምንጭ ስላልተገኘለት ሊሆን ይችላልና።

መጀመሪያ የጣቢያችሁን የአርትኦት ፖሊሲ ሰነድ ጠይቁና አንብቡት። ካለ፣ ዜና ሊነሣ የሚችለው በምን ምክንያት እንደሆነ ይነግራችኋል። ከዚያ በዕለቱ የዜና ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ ለውጥ ጎን ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የለወጠው ሰው ስም፣ ሰዓቱ፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር። ይህን ለማድረግ አዋጅ መሻሻል የለበትም፣ በጀትም አይጠይቅም። «ይቆይ» ማለት ቀላል የሆነለት ኃላፊ ስሙን ከጎኑ መጻፍ ሲኖርበት ሁለት ጊዜ ያስባል፤ በእርግጥ በቂ ምክንያት ያለው ደግሞ ሳያመነታ ይጽፈዋል።